ከማርታ በኋላ የሚነሳው ጉልበት

ሰኞ፣ ከጅማ ወደ ሚዛን

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጅማ መናኸሪያ ደረስኩ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፤ ከዓመት ወዲህ ደግሞ ስለ ልጆች የመገጣጠሚያ ሕመም በሚደረግ ጥናት ውስጥ መረጃ እሰበስባለሁ። ሐኪሞቻችን ማወቅ የሚፈልጉት ያበጠ የልጅ ጉልበት ሕክምና ጋ እስኪደርስ ለምን እንደሚዘገይ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይረጋጋል፤ ከዘገየ መገጣጠሚያው ይበላሻል። አንዳንዴም ምንም ሳያሳምም ዓይን ይጎዳል። የእኔ ድርሻ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ወደሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሄጄ ወላጆችን መጠየቅ ነበር። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼባቸው ነበር።

ከቦንጋ ወዲያ ጉሙ ጫካውን ስለዋጠው ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነዳ። ዋቻ ላይ አንድ እጅ ሙዝ በሃምሳ ብር ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን ሙዝ ምሳ አይሆንም ብለው ቆጯቸውን በጎመን አካፈሉኝ። ሚዛን ስንደርስ ዝናብ ተቀበለን።

ማክሰኞ፣ ሚዛን

አራተኛው ጥያቄዬ «ልጅዎ ቁርጥማት አለበት?» የሚል ነው። የመጀመሪያው አባት ሳቀ።

«ሲስተር፣ ልጄ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ቁርጥማት ያለባቸው አባቴ ናቸው።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ስቄ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ማታ የሞላሁት ቅጽ ሁሉ «የለም» ነው። ጤነኛ አገር ነው ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ቴፒ

ወደ ቴፒ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከመናኸሪያው በባጃጅ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ያረፈዱ ተማሪዎች ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተንበርክከዋል። አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቻ ቀኝ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ማርታ፣ እንደ ሰው ተንበርከኪ ብያለሁ» አለች መምህርቷ አስቴር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀጠለች፦ «ጠዋት ጠዋት ታነክሳለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከወንዶች ጋር ኳስ ትራገጣለች። ማስመሰል ነው። አባቷን ዛሬ ጠርተናል። እሱ ራሱ ማርፈዱን ካልተወች ትምህርቱ ይቅርባትና የቡና ስጥ ትጠብቅ ብሏል።»

አባቷ አቶ ጳውሎስ ከቡና ማሳቸው መጡ። ቅጼን አውጥቼ አራተኛውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ የለባትም። ልጅ እኮ ናት።»

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ ግን ከልጅቷ ጉልበት አልነቀል አለኝ። ቅጹን አጠፍኩት።

«እሺ አቶ ጳውሎስ፣ ጠዋት ስትነሳ እንዴት ናት?»

«ጠዋትማ ፀሐይ ካላገኛት አትፈታም። ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው፤ እናቷ በሞቀ ውሃ ታሽላታለች። ከክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ቅድም ምነው አልነገሩኝም?»

«የጠየቁኝ ቁርጥማት ነዋ፣ ሲስተር።»

ማርታ ቀስ ብላ፣ «ጉልበቴ ከእኔ በኋላ ነው የሚነሳው» አለች።

አባቷን አስፈቅጄ ብዳስሰው አብጧል፤ ይሞቃልም። ጠዋት ተሳስሮ እኩለ ቀን ላይ መፍታታት የሕመሙ ዋና ምልክት መሆኑን አስረዳኋቸው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ አባትየው ሁሉንም ያውቁ ነበር፣ ጥያቄዬ ነው ያበላሸው። አፈርኩ።

አስቴር አጎንብሳ የልጅቷን ጉልበት አቧራ አራገፈች።

«ይቅር በይኝ፣ ማርታ» አለች፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ።

ሐሙስ፣ እንደገና ሚዛን

አባትና ልጅን ይዤ ወደ ሚዛን ተመለስኩ። አስቴርም አስፈቅዳ አብራን መጣች፤ መንገዱን ሁሉ የማርታ እግር ጭኗ ላይ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ወደ ጅማ የሪፈር ወረቀት ጻፈልን። እነሱ ሆስፒታል ሲቆዩ እኔ የማክሰኞው ትምህርት ቤት ሄጄ ወላጆቹን እንዲጠሩልኝ ለመንኩ።

«ጠዋት ቶሎ የማይፈታ ልጅ ያላችሁ አላችሁ?» አልኳቸው።

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሁለት እናቶች እጃቸውን አወጡ፤ የአንደኛዋ ልጅ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። «የለም» ያልኩባቸውን ሁለቱን ቅጾች አርሜ ልጆቹን ለሚዛኑ ሐኪም አደራ ሰጠሁ።

ዓርብ፣ ጅማ

አስቴር ወደ ቴፒ ተመለሰች፤ እኔ ከማርታና ከአባቷ ጋር ጅማ ገባሁ። የዓይን ሐኪሙ በቀኝ ዓይኗ ውስጥ የተጀመረ ብግነት አገኘ። ማርታ አንድም ቀን «ዓይኔን አመመኝ» ብላ አታውቅም። ጠብታውን እያዘዘ፣ «በጊዜ ነው የመጣችው» ሲል አቶ ጳውሎስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸለዩ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ በሄድኩበት ሁሉ ያገኘኋቸው ሰዎች ታወሱኝ። ላስተምር የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ጥያቄዬን ያቀኑልኝ የቴፒው ገበሬ ናቸው፤ «አትፈታም» የሚለው ቃላቸው አሁን በአራተኛው ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣቸው።

ማርታ ጠብታዋንና በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የመገጣጠሚያ መድኃኒቷን ይዛ ቴፒ ከተመለሰች በኋላ አስቴር ደወለች።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው ብለሽን የለ? ማርታ ዛሬም አረፈደች።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ ሒሳብ ደግሞ ትወዳለች። የክፍሉን ሒሳብ በሙሉ ወደ አምስት ሰዓት አዛወርነው።»