ከመስጠሙ ምዕራፍ ጀምር

ልጄ ባሕር ኃይል ገብቶ ከሆሳዕና የሄደ ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ግን የድሮ መርከበኛ ነበሩና፣ ስለ ባሕር ኃይል ታሪክ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ከአንጋጫ ይዘውልኝ መጡ።

መርከብ ስለ መስጠሙ የሚተርከውን ገጽ ገልጠው «ከመስጠሙ ምዕራፍ ጀምር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሊገድሉኝ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ መርከብ ሠሪዎቹ ከመስጠሙ ምን እንደተማሩ ይነግርሃል። ልጅህ የተሳፈረው ከዚያ ትምህርት በኋላ በተሠራ መርከብ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን እየመጡ ስላነበብኩት ይጠይቁኝ ነበር። ምሳ ሲቀርብ የቆጮ ቁራሾችን ሳህኑ ላይ ደርድረው የመርከቦቹን አሰላለፍ ያሳዩኛል። እኔ በተራዬ ስደረድር ከተሳሳትኩ «ይህቺን አሰጠምካት!» ብለው አንዷን ይጎርሳሉ። እየሳቅሁ ተማርኩ፤ ፍርሃቴም ረገብ አለ።

ልጆቻችሁን ወደ ባሕር የላካችሁ ወላጆች፣ ወሬ ከመስማታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ። ሳያውቁ መጨነቅ ፍቅር አይደለም። ፍርሃቴ ፈጽሞ ጠፋ ብዬ ግን አልዋሽም።

ባለፈው የገበያ ቀን ምሳ ላይ ቁራሾቹን ብቻዬን ደረደርኩ። አሰላለፉን ሆን ብዬ አሳሳትኩ። ከሳህኔ ላይ አንስቶ የሚጎርስብኝ ግን አልነበረም።