ከኢንተርቪው በኋላ ይነገረው

አትላንታ ላይ አበሻ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሟቹ ልጅ አይደለም፤ ለሉሊት ነው። ሥራዋ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት እንጂ መርዶ ማስነገር አይደለም። ግን ታውቅበታለች። የሐዘንተኛውን የዕረፍት ቀን ታጣራለች፤ አለቃው ዘንድ ደውላ ፈቃድ ታስይዛለች፤ የቅርብ ጓደኛ ፈልጋ ስልኩን ታስደብቃለች። አንዱ ቀልቃላ ፌስቡክ ላይ የሟችን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ካለ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነውና። መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ ሲመጡ መኪናቸውን ከቤቱ ራቅ አድርገው እንዲያቆሙ የምታዘውም እሷው ናት። ሰው በመስኮት አሻግሮ የአበሻ መኪና ተሰልፎ ካየ፣ ሽማግሌ ገብቶ ምን ሊነግረው ነው?

እኔ ዑመር እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ በየሆስፒታሉና በየፍርድ ቤቱ እያስተረጎምኩ ነው የምኖረው። ሉሊትን ከመጣች ጀምሮ አውቃታለሁ። እንደ እህቴ ነው የማያት፤ አንድ ጠባይዋን ግን ወድጄላት አላውቅም። ሰው መቼ ማዘን እንዳለበት ከባለቤቱ በላይ እኔ አውቃለሁ ትላለች። ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ስቃብኝ አለፈች።

በዲቪ መጥታ፣ እህት ወንድሞቿን አስተምራ፣ ዜግነቷን አግኝታ፣ ዕድሜዋ አርባን ተሻገረ። ሰው «ቆማ ቀረች» ማለት ሲጀምር አክሊሉን አገባች። አክሊሉ ለጉብኝት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በዕድሜ ብዙ የሚያንሳት፣ ዝምተኛ የደሴ ልጅ ነው። እሷ ስፖንሰር ሆነችውና የሥራ ፈቃዱ ሲደርሰው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጎማ ቤት ገባ። ሰው ለወረቀት ነው ያገባት እያለ አማ። እኔ ግን ቤታቸው እገባለሁ። እሷ ከሥራ እስክትመለስ ምሳውን ሳይበላ የሚጠብቅ ሰው ለወረቀት ብሎ አይራብም።

እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ደሴ ገበያ ልባሽ ጨርቅ እየሸጡ ብቻቸውን ያሳደጉት ናቸው። እሑድ እሑድ ይደውልላቸዋል፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሉሊትንም ያስመርቃታል። ልባቸውን ያማቸው ነበር። አክሊሉ የሚኖረው ግሪን ካርዱን ይዞ እሳቸውን ለማየት ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን ጎማ ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ እናቴ አንድ ነገር ከሆነች ወረቀቱም ገደል ይግባ፣ በማግስቱ እሄዳለሁ ብሎኛል።

የግሪን ካርዱ የመጀመሪያ ኢንተርቪው አላማረም። የዕድሜያቸውን ልዩነት የኢሚግሬሽን መኮንኑ አልወደደውም መሰለኝ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጀመሪያ ላይ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ትቀርባላችሁ፣ ለየብቻ ትጠየቃላችሁ ይላል። ጉዳያቸውን የያዘችው ሎየር ነገሩን አላለዘበችም። የመጨረሻው በር ይህ ነው፤ ትዳሩን ካላመኑ አክሊሉ ዳኛ ፊት ቆሞ ካገር መባረርን ይሟገታል አለቻቸው። የምትጠየቁት ብዙ ነው፣ እውነቱን ብቻ ተናገሩ፣ የተለወጠ ነገር ካለ ንገሩኝ ብላም አስጠነቀቀች።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ወይዘሮ የሺእመቤት አረፉ። የአክሊሉ እህት ምህረት የደወለችው ለወንድሟ ሳይሆን ለሉሊት ነበር።

በማግስቱ አትላንታ ዳር፣ ታከር ከተማ፣ ጋሽ ሳህሌ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ሳህሌ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሉሊት የሻትል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ፣ አልቅሳ ጨርሳ ነበር መሰል፣ ደረቅ ባለ ድምፅ ነገሩን አስረዳች። አክሊሉ ዛሬ ከተነገረው ነገ አውሮፕላን ላይ ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ደግሞ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል፤ መመለሻ የለውም። እኔ ተቃወምኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ ይነገረውና ራሱ ይወስን አልኩ።

«ጋሼ፣ አንተ የምታውቀው የሰው ቃል ነው» አለችኝ። «እኔ የማውቀው የሰው ፊት ነው። ከነገርነው ይሄዳል።»

እንደሚሄድ እኔም አውቅ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ጺማቸውን ሲያሹ ቆይተው፣ ከኢንተርቪው በኋላ ይነገረው ብለው ፈረዱ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ኢንተርቪው ረቡዕ፣ መርዶ ቅዳሜ። ቢያንስ ለሎየሯ ብቻዋን ንገሪያት ብዬ ሉሊትን ለመንኳት። ፈራች። እነዚህ ፈረንጆች መርዶን ቴክስት የሚያደርጉ ናቸው፣ አዝና አንድ ቃል ትልክለትና ታበላሽብኛለች አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። የአክሊሉ ስልክ ከልብሱ ጋር ማጠቢያ ማሽን ገባና ሞተ፤ ሉሊት ባዲስ ቁጥር ሌላ ገዛችለት፤ የፌስቡክ ፓስወርዱንም አላስታውስ አለ። እሑድ ደሴ ሲደውል የምታነሳው ምህረት ሆነች። እማማ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ ክልክል ነው ትለዋለች። ለልብ ሕመሟ መሆኑ ነው ብሎ ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው እጁን ይዞ ቶሎ አይለቀውም። ጎማ ቤቱ የሚመጣው አበሻ ሁሉ ይመርቀዋል። አንዷ ሴት ገና ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላና አለርጂ ነው ብላ ጎማዋን ሳታስነፋ ሄደች።

ሉሊት ግን ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከሥራ ስትገባ ትስቃለች፣ ራት ስታቀርብ ትስቃለች፣ ያልተነገረ ቀልድ ይመስል ትስቃለች። አክሊሉ ለእኔ፣ ኢንተርቪው ሲደርስ ደስታ ጀመራት አለኝ። በልቤ፣ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አልኩ። የምታለቅሰው ሻትሉን ባዶውን ስትነዳ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች።

አንድ ቀን አክሊሉ ክፉ ሕልም አየሁ አለኝ፤ መንጋጋዬ ወለቀ፣ ደም ግን የለውም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ ብዬ አቃለልኩለት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ሰው የሚሸሸኝ ይመስለኛል» አለ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ተነሳሁ፤ ሥራ ግን አልነበረኝም።

ረቡዕ ሦስታችንም ኢሚግሬሽን ቢሮ ደረስን። ሎየሯ ሌላ ከተማ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስለነበራት ሳትመጣ ቀረች። እኔ የሄድኩት ለአክሊሉ ላስተረጉም ነው፤ ሉሊት እንግሊዝኛ ስለምትችል ብቻዋን ቀድማ ገባች። ስትወጣ በሌላ በር አድርገው ከእኛ ራቅ ያለ ማረፊያ ክፍል አስቀመጧት፤ የተጠየቀ ካልተጠየቀ እንዳይነጋገር ነው። ባለፈች ጊዜ ፊቷን በመስታወቱ አየሁት። አመድ መስሏል።

መኮንኑ ጠና ያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። አክሊሉ እውነት ሊናገር፣ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም እጃችንን አንስተን ማልን። ጥያቄው መጀመሪያ ቀላል ነበር። ትናንት ራት ምን በላችሁ፤ ከሁለታችሁ ቀድሞ የሚነሳው ማነው፤ የቤቱን ቆሻሻ ማን ያወጣል። አክሊሉ ሁሉንም መለሰ፤ ትከሻው እየላላ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ መኮንኑ ስለ እናቱ ጠየቀው። ደሴ ነው የምትኖረው አለ። አሁን ግን ጠበል ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም አለ።

መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሚስትህ ከአንተ በፊት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በመሐላ፣ እናትህ ከፋሲካ በኋላ መሞታቸውን ነግራኛለች አለ። አንድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ፣ እሷ ያወቀችውን ያንተን እናት ሞት አንተ እንዴት አላወቅህም?

ይህን የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። አክሊሉ አልገባውም፤ ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቃል። እኔ ብዙ መርዶ ላይ ቆሜያለሁ። መርዶ ቆመው ነው የሚነግሩት፤ ሽማግሌ ነው የሚጀምረው፤ ከሩቅ ነው የሚመጣበት፤ የሐዘንተኛውን ወገብ የሚይዝ ሰው ከኋላው ይቆማል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከመኮንኑ በቀር የሚይዘው ማንም አልነበረም። አልተረጉምም ብል መልስ አጣ ተብሎ ይጻፍበታል፤ ቃሉን ብለውጥ መሐላ አለብኝ። ሉሊትን በዚያች ደቂቃ ጠላኋት።

«አክሊሉ» አልኩት። «እናትህ አርፈዋል ነው የሚለው። ከፋሲካ በኋላ። የነገረችው ሉሊት ናት። አንድ ቤት እየኖራችሁ አንተ እንዴት አላወቅህም ይልሃል።»

አክሊሉ መኮንኑን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ለእኔ ነበር፤ ግን በዚያ ክፍል የተባለ ሁሉ መተርጎም አለበትና በእንግሊዝኛ አልኩት። መኮንኑም እኔን አየኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አክሊሉ መልሱን ከዚያ አገኘው። እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ጎማ ፈትቶ ሲጨርስ እንደዚያ ያደርጋል። ካለቀሰ፣ ሳላውቅ ቀረሁ ብሎ ከጮኸ፣ አብረው አይኖሩም የሚለው ጥርጣሬ ያን ጊዜ እንደሚጸና የገባው ይመስለኛል።

«ንገረው፣ ጋሼ» አለ። «ሚስቴ ምላ አትዋሽም። ሞታለች ካለች፣ ሞታለች።»

መኮንኑ፣ ታዲያ ለምን ደበቀችህ አለው። አክሊሉ አሁን ወደ መኮንኑ ዞረ።

«እንዳልሄድ ነው። እኛ አገር የሚደበቀው የሚወዱት ሰው ነው። ባትወደኝ በስልክ ትነግረኝ ነበር።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። መኮንኑ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ለሐዘንህ አዝናለሁ፣ ውሳኔውን በፖስታ እንልካለን አለ። በሰውየው ልፈርድ አልችልም። ሉሊት ለሰውየው፣ አክሊሉ አያውቅም፣ ቅዳሜ እንነግረዋለን፣ እባክህ እንዳትነግርብኝ ብላው ነበር። የሰው አገር ሰው ይህን ቢሰማ ምን ሊመስለው ነው? ባሏን ለሳምንታት ያታለለች ሴት፣ በእግዚአብሔር ስም ማልሁና መዋሸት አቃተኝ ስትለኝ ግን፣ እኔም ግራ ገባኝ።

በር ላይ ስትጠብቀን ልትስቅ ጀምራ ነበር። ፊቱን ስታይ ሳቋ እንደተጀመረ ቀረ። አክሊሉ አልፏት ሄዶ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። እሷ ከኋላ ገባች። ቤታቸው እስክንደርስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያውም ለእኔ።

«ለሰውየው ነገረችው። ለእኔ ሳቀችልኝ።»

ለጋሽ ሳህሌ ደውዬ፣ ወሬው ወጥቷል፣ ቅዳሜን ተዉት አልኳቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። መርዶ በመንግሥት ቢሮ አይነገርም፣ ልጁ ገና አልተነገረውም አሉ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄድን፤ ሰዉም እንደ ልማዱ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመ። አክሊሉ ታጥቦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በሩን ራሱ ከፈተልን። ከረቡዕ ጀምሮ እንዳላለቀሰ ሉሊት ነገረችኝ። ጋሽ ሳህሌ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለዚህች ዓለም አላፊነት፣ ስለ እናት ውለታ። እንደማያውቅ ሰው ቆሞ አዳመጣቸው። «የሺእመቤት» ሲሉ ከኋላ ያዝነው። የዚያን ዕለት ያለቀሰውን ለቅሶ ጎረቤት አሜሪካዊ ሰምቶ ፖሊስ ልጥራ ወይ ብሎ መጥቶ ነበር።

ሉሊት ከዚያ ወዲህ መርዶ አታስነግርም። ሰው ቢደውልላት ስልኩን ለሌላ ታቀብላለች። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ እሱ አሁንም ምሳውን ሳይበላ ይጠብቃታል፤ ስትመጣ ግን መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው።

ግሪን ካርዱ ክረምቱ ሲወጣ መጣ። ፖስታውን ከሳጥኑ ያወጣችው ሉሊት ናት፤ ነገሩንም የነገረችኝ እሷው ናት። እዚያው ደረጃው ላይ ቀድዳ አየችው፤ ስሙ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ልክ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ደስ አላትና ካርዱን ከኋላዋ ደብቃ እየሳቀች ገባች።

አክሊሉ የሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ ፊቷን አየና ክሩን ለቀቀው።

«ማን ሞተ?» አላት።