በ«አትቸገሩ» የቀረው የባሕር መለኪያ

እስከ ዛሬ ድረስ ሰው «አይ፣ ለእኔ አትቸገሩ» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «ማማ፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የደርግ ጊዜ ነው። ጄኔቫ ውስጥ፣ ትላልቅ አውሎ ነፋሶች በባሕር ዳርቻዎች ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችን ሥራ በሚያስተባብር ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። አስተባባሪ ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል። እኔ የማስተባብረው ኩርፊያ ነበር! የጄኔቫዎቹ የለኩትን ለዙሪኮቹ አያሳዩም፤ የዙሪኮቹ ደግሞ እነዚያን እንደ ሰነፍ ነው የሚያዩአቸው። እነሱ ሲኮራረፉ ባሕሩ ሰው ይበላል።

አንድ ዓመት ዙሪክ ላይ ስብሰባ ተጠራና ከአገር ቤት አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ መጡ። ቀይ ባሕር ላይ ካለ ወደብ ነው የመጡት። ከዚያ መንግሥት ለሚመጣ ሰው ፊት አልሰጥም ነበር፤ ወንድሜን የበላ መንግሥት ነው። ከጄኔቫ ዙሪክ አብረን በባቡር ስንሄድ ግን አንጀቴን በሉት። ማዕበል ሌሊት ተነሥቶ የዓሣ አጥማጆቹን ጎጆ ከነሕፃናቱ ጠርጎ መውሰዱን ነገሩኝ።

«ውሃው ከፍ ማለት ሲጀምር የሚያሳየን አንድ መለኪያ ቢኖረን ሰዉ ወደ ላይ ይሸሽ ነበር» አሉ። «እሱን ሳልይዝ አልመለስም፣ ልጄ።»

ስብሰባው ላይ ለአገሮች ከሚታደሉት መለኪያዎች ለማንም ያልተሰጠ አንድ እንደቀረ አውቃለሁ። «ትፈልጋላችሁ?» ተብለው መጀመሪያ የሚጠየቁት እሳቸው እንደሆኑም አውቃለሁ። ደስ አለኝ።

ስብሰባውን የሚመራው የዙሪክ ፕሮፌሰር ነው። የመለኪያው ጉዳይ ሲደርስ «መለኪያውን ይፈልጉታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ «እናመሰግናለን፣ ለእኛ ብላችሁ አትቸገሩ» አሉ።

ወይ ጉድ! እኛ ቤት ይሄ እሺ ለማለት የሚጠረግ ጉሮሮ ነው። ሰው ሁለቴ ሦስቴ ተለምኖ፣ በሞቴ ተብሎ ነው የሚቀበል። ፕሮፌሰሩ ግን አመስግኖ ወደሚቀጥለው ዞረ። የሌላ አገር ተወካይ ዓረፍተ ነገሩን ሳያስጨርሰው «እኛ እንፈልጋለን!» አለ። አለቀ። ጋሼ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ እስኪለመኑ ይጠብቃሉ።

በዕረፍት ሰዓት ፕሮፌሰሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም!» አልኩት።

«በግልጽ ጠየቅኳቸው፣ በግልጽ መለሱልኝ» አለኝ፣ ቡናውን እየጠጣ። ግልጽነቱ ገደል ይግባ! ወደ ጋሼ ሮጥኩ። «ሄደው ይንገሩት፣ ገና አልረፈደም!»

«ለሰው የተሰጠውን ልንጠቅ? ነውር ነው» አሉኝ። ነውር! ሕፃናት በውሃ ሲሄዱ ያልተባለ ነውር። በገንኩ።

ማታ እዚያው ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር የምትኖር ያገራችን ልጅ ራት ጋበዘችን። ወጡን ስታወጣ ጋሼ «አይ፣ እኔ በቅቶኛል» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ልጅቷ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ስትላቸው አልቻልኩም።

«ተያቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «እምቢ ብለዋል አይደል? አንዴ እምቢ ካሉ አበቃ!»

ልጅቷ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰች። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስግደረደር የሚገባት አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንድ ቃል ብትዪልኝ ምን ነበረበት?»

«የቢሮው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ አይናገርም» አልኳቸው፣ ገና እንደተናደድኩ። «ደንቡ ነው።»

«ጥሩ» አሉ፣ ሳህኑን ከፊታቸው ገፋ እያደረጉ። «ውሃው ሲመጣ ለዓሣ አጥማጆቹ ደንቡን እነግራቸዋለሁ።»