ለሚ የበሳቸው ቀዳዳዎች

አሊዪና ለሚ ሮቤ ገበያ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሥራቸው ከወይራ ቁራጭ እስክሪብቶ ማውጣት ነበር። ለሚ እንጨቱን ይበሳል፣ የነሐስ ቱቦ ከትቶ በኮላ ያጣብቃል። አሊዪ ጫፍና ጫፉን ያስተካክላል፣ በቶርኖ እያዞረ ይቀርጻል፣ ይገጥማል።

አንድ ሰኔ ላይ ሳምራዊት የምትባል መምህርት ለተመራቂዎች ስጦታ ሠላሳ እስክሪብቶ አዘዘች። በወሰደች በሦስተኛው ቀን ስድስቱን ይዛ ተመለሰች። ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ቦታ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፤ ሁለቱማ ተሰንጥቀዋል። አሊዪ አፈረ።

«እኔ ምን ላድርግ፣ የሚበሳው እሱ ነው» አላት፣ ወደ ለሚ እየጠቆመ። «አጣሞ ነው የሚበሳው። ዓይኑ ደክሟል።»

ለሚ ቀና ብሎ አየውና መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። በሳምንቱ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ አገሩ ወደ ጎሮ ሄደ። አሊዪም አትሂድ አላለውም።

ከዚያ በኋላ አሊዪ አዲስ መሰርሰሪያ ገዝቶ ራሱ መብሳት ጀመረ። ክፍተቱ ግን አልጠፋም። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን፣ ያዘጋጀው እንጨት ጫፍ ላይ የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ሲያስጠጋ በአንድ ጎን ብርሃን ሾልኮ ታየው። የተንጋደደው ቀዳዳው ሳይሆን፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በዓይኑ ግምት፣ እሱው ሲፍቀው የኖረው ጫፍ ነበር።

ከተበላሸ ፕሪንተር ውስጥ ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ አወጣ። ወፍራም የኮምፔንሳቶ ጣውላ በክብ ቆርጦ ዘንጉን መሃሉ ላይ ተከለ። ቶርኖው ላይ እያዞረ የክቡን ፊት ከዘንጉ ጋር ልክ ማዕዘን እስኪሠራ ላጠውና ብርጭቆ ወረቀት ለጠፈበት። ለሚ በስቶ፣ ቱቦ ከትቶ የተዋቸው አሥራ አራት እንጨቶች ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ እየሰካ፣ የነሐሱ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል እስኪያበራ ድረስ ወደሚሽከረከረው ወረቀት ገፋቸው። ቀርጾ ሲገጥማቸው አንዱም እንከን አልወጣለትም።

በማግስቱ ወደ ጎሮ መሄድ ነበረበት። ከአዝመራው በኋላ አለ፣ ከዚያ ከረመዳን በኋላ። እፍረቱ ሁለት ዓመት አቆየው።

ባለፈው ጥቅምት ሄደ። የለሚ ሚስት ረቢያ ተቀበለችው። ባሏ ከስንዴ ማሳው እስኪመለስ አጫወተችው።

«በራችን ሲወላገድ እንኳ አልነካም አለ» አለችው። «‹ዓይኔ ልክ አያይም፣ ሌላ ሰው ጥሪ› ነው የሚለኝ።»

አሊዪ መሣሪያውን የያዘበትን ፌስታል ወደ ራሱ ሳበ።

ለሚ መጣ። ሰላም ተባባሉ። አሊዪ መሣሪያውን ከፌስታሉ አውጥቶ ጥፋቱ የራሱ እንደነበር ነገረው። ለሚ ዘንጉን በጣቱ አዞረው።

«እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለ። «ከኔ ይልቅ አንተ ታያለህ ብዬ።»

«አውፍ በለኝ፣ ለሚ። ተመለስና አብረን እንሥራ።»

«መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?»

አሊዪ መዋሸት አልሆነለትም። «ሁለት ዓመት ሆነው።»

ለሚ መሣሪያውን መለሰለት። «ሁለት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ረቢያን ምሳ አቅርቢ አላት። ተበላ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ተወራ። ስለ ሥራው ለሚ አላነሳም፣ አሊዪም ደግሞ ለመጠየቅ አልደፈረም። ለሚ እስከ መንገድ ሸኝቶት ሚኒባሱ እስኪነሳ አብሮት ቆመ።

አሁን እስክሪብቶ ያዘዘ ሁሉ አሊዪን ያመሰግነዋል። እሱ ግን ምስጋናውን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል።