ሶር ዳር ያየሁት ቂሌ

ከመቱ ስነሣ

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቡናው ከጫካ በሚለቀምበት ሰሞን፣ በቅሎዬን ጭኜ ከመቱ ወጣሁ። ቆዳና ማር ነጋዴ ስለሆንኩ መንገድ መውጣቴ ማንንም አያስገርምም። የዚያን ጊዜ ግን ንግድ አልነበረም ያስወጣኝ፤ ጎረምሳ ልመዝን ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ገና እስኪደርስ በቆልማማ በትር የእንጨት እሩር እየለጉ ይጫወታሉ። አማራው ገና ይለዋል፣ ኦሮሞው ቂሌ። እኔ እስላም ነኝ፣ በዓሉ የእኔ አይደለም፤ ጨዋታው ግን የሁላችንም ነው፤ በጉብዝናዬ ወራት የመቱን ቡድን ፊት ሆኜ የመራሁት እኔው ነኝ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ቡድኑ ወደቀ። አንጋፋዎቹ ግማሹ ዱር ገቡ፣ ግማሹ ሞቱ፤ የቀሩት ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። በዚያ ወር ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ከጎረቤታችን ከጎሬ ጋር በገጠሙ ቁጥር ተሸነፉ፤ እሱም ሽንፈት ከተባለ ነው። እሩሩ እግራቸው ሥር ሲመጣ አየሩን ይመቱታል። አንዱማ የገዛ ወገኑን ቁርጭምጭሚት መትቶ አስነከሰው።

የቀረን የገና ዕለቱ ግጥሚያ ብቻ ነበር። የቡድኑ አባት ጋሼ በዳሳ ጠሩኝና፣ ልጆቹ ለቡና ለቀማ ተበትነዋልና በየቀያቸው ሄደህ እያቸው፣ የሚረቡትን ለይተህ ስማቸውን ንገረኝ አሉኝ። የጣሊያኑ ካፒቴንም ሐሳቡን ወዶታል። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከዋርካው ሥር ወንበር አስወጥቶ ያያል፤ አሁንም ጎበዞቹን አምጡልኝ ብሎ የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። የጎሬው መሪ ገመዳ፣ የድሮ ባላጋራዬ፣ በየግጥሚያው በግጥም ሲሞልጨኝ ከርሞ አንጀቴ አሯል። ዘንድሮ አፉን ባላስዘጋው ከሰው አልቆጠርም ብዬ ማልሁ።

ኖፓ

የኖፓ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በቅሎዬ ሁለት ጊዜ ተንሸራታ ሁለት ጊዜ ሰደብኳት። ከገበያው አጠገብ ለበቅሎዬ ገብስ ልገዛ ብል ባለ ሱቁ የጣሊያኑን ሊሬ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣና መለሰልኝ። ወይ ጠገራ ብር፣ ወይ አሞሌ አለኝ። አሞሌ ቆርሼ ሰጠሁትና ተስማማን።

የኖፓው ልጅ ዋቅጅራ ይባላል። ክንደ ረጅም፣ ጀርባው የቀና፣ ሲያዩት ያለ እሱ ተጫዋች የለም የሚያሰኝ ነው። ከአባቱ ጓሮ ቆመን እሩሩን ወረወርኩለት። ሳተ። ደግሜ ወረወርኩለት፤ ደግሞ ሳተ። በሦስተኛው እሩሩን ትቶ የአባቱን ጎደሬ ጨፈጨፈው። አባቱ ከደጃፍ ሆነው ያያሉ፤ እንኳን ሊቆጡ ፊታቸውም አልጠቆረም። ተናድጄ በትሩን ተቀበልኩትና ምናልባት የማይሆነው በትሩ ነው ብዬ አገላብጬ አየሁት፤ ደህና በትር ነው። እጀታው ከመያዝ ብዛት እንደ ቅቤ ቅል ወዝቷል። እንዲህ ያለ በትር በእንዲህ ያለ እጅ ገባ ብዬ አዘንኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

ያዮ

ሁሩሙን አልፌ ወደ ያዮ ስገባ ጫካው ዋጠኝ። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፤ ግን ወላሂ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ እመለከታለሁ። ዛፉ ጫፉ አይታይም። ቀፎው ከቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሏል፣ ጉሬዛው ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ይዘላል፤ ከሥር ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና ቀልቶ ይጠብቃል። ሰው ቅርጫቱን በወገቡ አስሮ ይለቅማል እንጂ ባለቤት ነኝ አይልም። ጣሊያን እዚህ ድረስ መጥቶ መንገድ ቢያስቆፍርም፣ ከመንገዱ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ከገቡ አገሩ እንደ ድሮው ነው።

ያረፍኩት ከእትዬ ወርቄ ዘንድ ነበር። ማር የምገዛቸው የቆየ ደንበኛዬ ናቸው። ትንሹ ልጃቸው ነጋሽ ከመቱ ቡድን ነው፤ ከምሳ በፊት ፈተንኩት፤ እሱም እንደ ኖፓው ነው፣ በትሩ መሬት ይቆፍራል። ትልቁ ልጃቸው ተሰማ ግን ሌላ ነበር። በወሩ መጀመሪያ ከጎሬ ጋር ስንገጥም ሦስት ጊዜ ያገባው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ባንዳ ገባ ተባለ፤ ለደመወዝ ብሎ ወዶ ነው የገባው ብለን መቱ ላይ አምተነዋል።

እትዬ ወርቄ ትኩስ የበቆሎ ቂጣና ብርዝ አቀረቡልኝ። እኔም ብርዙን እየጠጣሁ አፌን ከፈትኩ። ነጋሽ እጅ የለውም፣ ወንድሙ ነበር እጅ ያለው፣ ምን ያደርጋል የጣሊያን ሊሬ በለጠበት አልኩ። ሴትዮዋ የያዙትን ቂጣ ወደ ሌማቱ መለሱት።

«ጋሼ ኢብራሂም፣ ካፒቴኑ ወንበር አስወጥቶ የሚቀመጠው ጨዋታ ወዶ መሰለዎት? ልጄ ሦስት ጊዜ አገባ፤ በማግስቱ ካሚዮን ደጄ መጣ። ጠመንጃ አሸክመው ዱር ሰደዱት። አጎቱ እዚያው ዱር አርበኛ ነው። ወይ ወንድሜን ይገድልብኛል፣ ወይ ወንድሜ እሱን።»

የቀሩት ልጆች ተማምለዋል አሉኝ፤ በመቱ ሜዳ ማንም አይመታ፣ ማንም አይሩጥ ብለው። እኔም ከካፒቴኑ ወረቀት ይዤ ስለመጣሁ በየደረስኩበት እያሾፉብኝ ነው የከረሙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶር ፏፏቴ ይሰበሰባሉ፣ ካላመኑኝ በነገው ቅዳሜ ይውረዱና ይዩ አሉኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። እኔ ቡድን ሳቆም መስሎኝ፣ ለካስ ለአራጅ ሰንጋ የምመርጥ ደላላ ሆኛለሁ!

ሶር

ሶር ሳይታይ ይሰማል። ከሩቅ መሬቱን ሲያጉረመርም በቅሎዬ ጆሮዋን አቆመች፤ ከግንድ አስሬያት በእግሬ ወረድኩ። ዛፉ ድንገት ተከፈተና ውሃው ከላይ ተለቀቀ። ሱብሃነላህ! ገደሉን ሙሉ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ጉሙ ፊቴን አጠበኝ፤ ሸሚዜ በአንድ አፍታ ረጠበ። ለራሴ ብናገር ድምፄ ለራሴ አልተሰማኝም። እዚህ ቢጮኹ ማን ይሰማል?

እዚያው ከወንዙ ዳር፣ ሣሩ ጠፍጠፍ ካለበት ላይ፣ ልጆቹ ነበሩ። የኖፓውም፣ የያዮውም፣ ያ ወገኑን የመታውም። ከግንድ ኋላ ተሸሽጌ አየሁ። ዋቅጅራ እሩሩን ከአየር ላይ በበትሩ ተቀብሎ፣ መሬት ሳያስነካ፣ ሜዳውን አቋርጦ ላከው። ነጋሽ ሳያይ ተቀበለው፤ ወላሂ ሳያይ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። የሚጮህ የለም፤ የሚጠራራ የለም፤ ውሃው ስለማያሰማ በዓይን ብቻ ይግባባሉ። እሩሩ ከበትር ወደ በትር ሲሄድ ሣሩን አይነካም። ዕድሜ ልኬን ተጫውቻለሁ፤ በአባቴ ዘመን የነበሩትንም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እንባዬ መጣ፤ ለነገሩ ጉሙ ሸፈነልኝ።

ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሁሉም ባለበት ቆመ። ዋቅጅራ ቀስ ብሎ ቀረበና አካም ጅርቱ ብሎ አጎንብሶ ሰላም አለኝ። በጓሮህ የሳትከው ምን ሆነህ ነው አልኩት፤ ውሃው ስላላሰማን ጆሮዬ ሥር ሆኖ ነው የመለሰልኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ የምንስተው ከእናቶቻችን እንዳንለይ ነው። እዚህ የምንመታው ደግሞ ጨዋታው እንዳይጠፋብን ነው።»

የካፒቴኑን ወረቀት አውጥቼ ልቀደው ፈልጌ ነበር፤ ግን መመለሻዬም እሱው ነውና ወደ ኪሴ መለስኩት። ይልቅ ነጋሽ እሩሩን ሰጠኝ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ አንድ ጊዜ ለጋሁ። ወንዙ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

መቱ

ለጋሼ በዳሳ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም የገመዳን ስድብ ትችለዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እችለዋለሁ አልኩ። ከዚያ ካፒቴኑ ዘንድ ቀረብኩና በአስተርጓሚው በኩል፣ ኖፓም ሁሩሙም ያዮም ዞሬአለሁ፣ አንድ የሚረባ የለም አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ለገና ራሴ አያለሁ አለ።

በገና ዕለት ወንበሩ ከዋርካው ሥር ወጣ። ካሚዮኑም ከኋላው ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ጨዋታው ተጀመረ፤ እኔም እንደ ሶሩ ሁሉ በአድናቆት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ መሳት እኮ ቀላል አይደለም! ዋቅጅራ እሩሩን በጣት ስፋት እያለፈው ይስታል፤ ነጋሽ ሊመታ ተንደርድሮ በራሱ በትር ይጠለፋል። ሜዳው ላይ ይህን የሚያውቅ እኔና ጋሼ በዳሳ ብቻ ነን። ጎሬዎችም ቢሆኑ ቀኑ አልሆነላቸውም፤ ባዶ መስመር ፊታቸው እያለ ወደ ጎን ይለጉታል። ገመዳ ግን አፉ አልደከመም፤ እጁን እያወናጨፈ ያቀነቅንብኛል፤

በቆልማማ በትር አየር ለሚመታ፣
ማር ሻጩ ብቻ ነው የሚሆነው ጌታ።

ሕዝቡ እየተቀበለ ያስተጋባል። ደሜ ፈላ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። በመጨረሻ እሩሩ ከእኛው ልጅ ቅልጥም ተመልሶ በገዛ መስመራችን ገባ። ካፒቴኑ ተነሣ። ከእነዚህስ በቅሎዎቹ ይሻላሉ ማለቱን አስተርጓሚው እየሳቀ ነገረን። ወንበሩ ካሚዮኑ ላይ ተጫነ፤ ካሚዮኑም ባዶውን ሄደ።

አቧራው ሳይረጋ ገመዳ ወደ እኔ መጣ። ለሌላ ስድብ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። አጠገቤ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ኢብራሂም፣ ቀደማችሁን» አለኝ።

በምን አልኩት።

«በመሸነፍ ነዋ። ባሸነፍን ቁጥር ካሚዮኑ ጎሬ እየመጣ ልጅ ሲወስድብን ከረመ። የመጀመሪያው የእኔ ልጅ ነበር። ዛሬ እንኳ ልንሸነፍላችሁ መጥተን አልቻልናችሁም።»

ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ ምን አመጣው አልኩት። ባልሰድብህ ይነቃብን ነበር አለኝ። ወሩን ሙሉ ገመዳን ስጠላ ከርሜ፣ እሱ ለካ ልጁ ተወስዶበት እያቀነቀነ ነበር። ክንዱን ያዝኩት።

ቤት ይዤው ገባሁና ከያዮ ያመጣሁትን ማር ግማሹን ጫንኩለት። ለልጁ እናት ነው አልኩት። ሰው ልመዝን ከመቱ ወጥቼ፣ ሰው የሚወደውን ነገር አሳንሶ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ዘመን ምን ዓይነት እንደሆነ አውቄ ተመለስኩ። ከደጃፌ ቆመን እያለን የእኛዎቹ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲያልፉ አየናቸው፤ የኖፓው በኖፓ በኩል፣ የያዮው በያዮ በኩል ተለያዩ። አንድም አልጎደለም።