የሂርናው የእሳት እራት

ዛሬ ጠዋት ጭሮ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ መዳፍ የሚያህል የእሳት እራት አየሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጫት ነጋዴዋ አክስቴ ከሂርና የመጣላትን ጫት ስታራግፍ እንዲህ ያለው ወደቀ። በሻሼ ሸፍኜ ትምህርት ቤት ወሰድኩት።

መምህራችን ከመጽሐፍ የደቡብ አሜሪካ የሐር እሳት እራት አሳዩን። «ይኸው፣ ራሱ ነው!» አሉ፤ ክፍሉ አጨበጨበ።

«ቲቸር፣ የመጽሐፉ እራት ክንፍ ላይ ያለው መስታወት የመሰለ ቦታ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የኛው ግን ክብ ነው» አልኩ።

ክንፉን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ልክ ነሽ! ይሄ ሌላ ነው፤ ስሙን አላውቀውም» ብለው ጠመኔውን ሰጡኝ። መልኩን ዘርዝሬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

አክስቴ ስትሰማ እልል አለች። «ወላሂ፣ በእኔ ጫት መጥቶ አሜሪካዊ ሊሉት ነበር?»

ስሙን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መናኸሪያው ግድግዳ ጋ ተጠግቼ አየሁት፤ የክንፉ መስታወት ክብ ነው።