በግራ የተቀመጠ ጓድ

የሺሀረግ ከነጭ አቡጀዲ ላይ ፊደል ትቆርጣለች። መጀመሪያ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከዚያ መቀሱን ቀስ አድርጋ ታስገባለች። የ«ወ»ን ሆድ ስትፈለፍል ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ነው። የቆረጠችውን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድራ በስፒል ትይዝና በእጇ ትሰፋዋለች። የስፌት ማኪና እያላት በእጅ የምትሰፋው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ማኪና ጨርቁን ይስበዋል፣ ፊደሉ ይንጋደዳል» አለችኝ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው፣ መጋቢት። ጨርቁ ለሜይ ዴይ ሰልፍ የምንይዘው ነበር፤ «የወጣቶች አንድነት ይለምልም» ይላል። በጉለሌ የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር አባላት ነበርን፤ የምንሰበሰበው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሺሀረግ ያደገችው አክስቷ ጋ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ በልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ትሠራ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ሰው ፊት መናገር አትወድም።

የማይነጣጠሉ ጓደኞች አራት ነበርን፤ እሷ፣ አናጢው ስብሐት፣ ቀልደኛው ጌጡና እኔ።

በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። ሕጉ፣ እያንዳንዱ አባል በግራው የተቀመጠውን ጓድ አንድ ድክመት ተነስቶ መናገር አለበት። «ድክመት የለበትም» ማለት አይቻልም፤ እንዲያ ያለ ሰው ራሱ ይገመገማል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አባቷ ድሮ የሚያከራየው ቤት እንደነበረው ጓደኛዋ ተናገረችባትና ከሥራዋ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ እኛ አራታችን ዘዴ አበጀን። ቀድመን እንሄድና አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። አንዳችን ስለ ሌላችን የምንናገረውን ትንንሽ ድክመትም ዋዜማውን ተነጋግረን እንጨርሳለን።

የመጋቢቱ ስብሰባ ዋዜማ የሺሀረግ ስትሰፋ ከበናት ተቀምጠናል።

«ነገ በግራሽ ነኝ። ምን ልትይብኝ ነው?» አላት ስብሐት።

«ምን አለብህና?»

«ምንም የለበትም ካልሽማ ሁለታችንም አለቀልን። በቃ፣ ሰልፍ ላይ እግሩ ከጓዶቹ ጋር አይገጥምም በይ።»

«ውሸትም አይደል» አለ ጌጡ፣ «ሲራመድ ዳክዬ እኮ ነው የሚመስለው!»

«አንተ ዝም በል፣ ሦስት ፀጉር አብቅለህ ጢም አለኝ የምትል!»

የሺሀረግ ስትስቅ መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ ቀዩ ጨርቅ ላይ አይታይም ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ተነስታ ያንኑ ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነገራ እንኳ ፈገግ አለ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። ስብሐት ተነስቶ «ሂሱን እቀበላለሁ» አለና አለፈ። ደግሞም የሜይ ዴይ ዕለት እግሩ ደህና አድርጎ ገጠመ።

ግንቦት ላይ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ከማኅበራችን ሦስት ወጣት ይሰጥ ተባለ። ሁለቱ ሥራ የሌላቸው ልጆች ነበሩ፣ ማንም አልተከራከረላቸውም። እኛም አልተከራከርንም። ለሦስተኛው ነገራ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ገለጠ።

«ጓድ ስብሐት ሰልፍ ላይ እግሩ እንደማይገጥም የቅርብ ጓዱ መስክራበታለች። ማሠልጠኛ ገብቶ ይማር። ተቃውሞ ያለው?»

የሺሀረግ በስብሐት ቀኝ፣ እኔ ደግሞ በእሷ ቀኝ ነበርኩ። ብድግ አለች። ያ ሂስ ለይስሙላ የተፈጠረ ነው ብትል ስብሐት ይተርፍ ነበር። ግን ማን ከማን ጋር ፈጠረው መባሉ አይቀርም። ተመካክሮ መምጣት ቡድንተኝነት ይባላል፤ በዚያ ስም የተወሰዱ ሰዎች እናውቃለን።

«ለእናቱ አንድ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እናት አገርም አንድ ናት» አላት ነገራ። «ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

ጌጡ አንገቱን ደፍቶ፣ «ተቀመጪ፣ አራታችንንም ታስበይናለሽ» አላት በሹክሹክታ። እኔ ቀሚሷን ከኋላ ጨብጬ ወደ ታች ሳብኳት። አንዴ ብቻም አይደለም፣ እስክትቀመጥ ድረስ ነው የሳብኳት።

ስብሐት ይህን ሁሉ አይቷል። እሱም እውነቱን ማውጣት ይችል ነበር። ተነሳና፣ «የተባለው እውነት ነው፣ እሄዳለሁ» አለ።

«ጓድነት ማለት እንዲህ ነው!» አለ ነገራ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

የሚሄዱ ዕለት የጭነት መኪናው ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ነበር። ስብሐት እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ እግሮቹን አንስቶ ሁለት ጊዜ ረገጠና «እንዴት ነው፣ ገጠመ?» አላት። ጌጡ ሊስቅ ሞከረ። የሺሀረግ አልሳቀችም። እሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ያን ቀን ነው።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን የስብሐት እናት እማማ ውባለም ከእንጦጦ ማርያም ሲመለሱ በዚያው ወደ የሺሀረግ ቤት ገቡ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ፖስታና የታጠፈ ወረቀት ፈትተው አወጡ። ስብሐት የላካት አንዲት ደብዳቤ ነበረች፣ አድራሻው ፖስታው ላይ አለ።

«የሺዬ፣ እኔ ማንበብ መጻፍ አላውቅ። አንቺ ጓዱ ነሽ። ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ እማማ?»

«ስምህን ያነሳው ማነው በይልኝ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ስሙን ብቻ ይላክልኝ፣ ለማርያም እነግራታለሁ።»

የሺሀረግ ወደ እኔ አላየችም። «እሺ እማማ፣ ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከተራራው ሲወርዱ በሯ ላይ ይቆማሉ።

«ጻፍሽልኝ?»

«ጽፌያለሁ።»

«መልሱስ?»

«አገሩ ሩቅ ነው እማማ።»

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ይድረስ ለጓድ ስብሐት ብዬ ጀመርኩ። ጓድ የሚለውን ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲያ እጄ እንቢ አለኝ።» ቀሚሷን የሳብኩት እኔ መሆኔን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ጌጡ ሌላ ቀበሌ ገብቶ፣ መንገድ ላይ ሲያየን ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ሦስታችን ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም።

እማማ ውባለም በ1982 ጥር ላይ አልጋ ያዙ። የስብሐት መርዶም ወሬም አልመጣም ነበር። የሺሀረግ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። እጇን ያዙና፣ «ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሌላ ጻፊልኝ፣ አደራ፣ በሪኮማንዴ፣ ተመዝግቦ ይሂድ» አሏት።

«ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ» አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስሄድ በሯ ክፍት ነበር። ማኪናዋ ላይ አቀርቅራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከሰዓትም ስመለስ እዚያው ነበረች።